ጉም ጠሪው ማንደፍሮ ሽማግሌ የላከ ጊዜ

እኛ አገር ሥራ የሚገኘው ሚስት በሚገኝበት መንገድ ነው። ፈላጊው ራሱ ሄዶ "ቅጠሩኝ" አይልም፤ ነውር ነው። ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው በማለዳ ሥራው ካለበት ደጅ ይቆማሉ። ግቡ ቢሏቸው አይገቡም፣ ተቀመጡ ቢሏቸው አይቀመጡም። "ሥራችሁን ለሰዋችን ብለን መጥተናል" ይላሉ። የሥራው ባለቤትም "ዘመድ ላማክር" ብሎ የሌላ ቀን ቀጠሮ ይሰጣቸዋል። በቀጠሮው ቀን ዘር ይቆጠራል። የሚቆጠረው የሰውዬው የሥጋ ዘር አይደለም፣ እሱ ማንንም አያሳስብም። የእጁ ዘር ነው። ይህን ሰው ማን አስተማረው? ያንንስ ማን? እየተባለ እስከ ሰባት ቤት ይኬዳል።

ድሮ ይህ ቆጠራ ለክብር ነበር። ሸክላ ሠሪዋ ሰባት ቤቷን ስትቆጥር ሰው ሥራ ፈትቶ ይሰማት ነበር። አናጺው ሰባተኛ ቤቱ ላይ ሲደርስ ቆብ ያወልቅ ነበር። ሰባት ያልሞላለት ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አምስት ነው ያለኝ፣ የቀረውን እኔ ለልጆቼ እሞላለሁ" ሲል አንጀት ይበላ ነበር። አይ ጊዜ። ያን ጊዜ የነበረ ሰው ሁሉ የእጁን አያቶች እንደ ዳዊት ይደግማቸው ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ትልቁ ወፍጮ የፈረሰ ዕለት ነው። ሽማግሌው ባለወፍጮ ድንጋዩ ሲንጓጓ ሰምተው "ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ ያልፋል" አሉ። አላለፈም፤ ወፍጮው እላያቸው ላይ ተናደ። የከተማው አዋቂዎች ተሰብስበው መከሩና እንዲህ ሲሉ ደመደሙ። ሰውዬው ወፍጮውን ባያውቁት ኖሮ ይፈሩት ነበር፤ ቢፈሩት ኖሮ ይሸሹ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ የማወቅ ነው። ማወቅ ደግሞ ዝምድና ነው። ዘመድ ከዘመዱ እንደማይጋባ ሁሉ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከአንድ ሥራ ጋር እስከ ሰባት ቤት የሚዛመድ ሰው ያንን ሥራ አይዝም ተባለ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ ሲጨበጨብ እጅን ኪስ ከቶ መቆም ያስቸግራል።

ከዚያ ወዲያ ዳቦ ጋጋሪው ንብ አናቢ ሆነ። ንብ አናቢው ፀጉር አስተካካይ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ዳቦ ቤቱን ያዘው፤ አሁን ዳቦአችን ውስጥ ምን ምን እንደሚገኝ አልናገርም። ለምደነዋል። ምንም የማያውቅ ሰው "እጀ ጥሬ" ይባላል፤ እኛ አገር ከዚህ የሚበልጥ ምርቃት የለም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይሉ የነበሩት አሮጊቶችም ከጊዜ በኋላ አፋቸውን ዘጉ።

ማንደፍሮ በዚህ ዘመን ሥራ ያጣ ጉም ጠሪ ነበር። ጉም ጠሪ ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ከተማችን ለሁለት የተከፈለች ናት፤ መካከሏ ገደል ነው፣ ገደሉ ውስጥ ወንዝ አለ፣ ጠዋት ጠዋት ከወንዙ የሚነሳው ጉም ድልድዩን ይውጠዋል። ሰው የገዛ እጁን አያይም። ድልድዩ ደግሞ ጠባብ ነው፣ መደገፊያ የሚሉት ነገር የለውም፣ መሃል ላይ ሲደርስ እንደ ክርን ይታጠፋል። ታዲያ ጠሪው ከወዲህ ጫፍ ይቆማል። ተሻጋሪው ከወዲያ "ማን አለ?" ይላል። ጠሪው "እኔ አለሁ" ይልና ተሻጋሪውን በስሙ እየጠራ፣ በድምፁ እየሳበ፣ ክርኑ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እያስረዘመ ያሻግረዋል። ስሙን እየሰማ የሚራመድ ሰው ጉም አያስፈራውም።

ማንደፍሮ ዕድሜውን በሙሉ የላይኛው ድልድይ ጠሪ ነበር። ያስተማሩት እትዬ አትጠገብ ናቸው፤ በዘመናቸው እንደሳቸው ያለ ጠሪ አልነበረም ይባላል። ልጅ እግር ሆኖ ወደ እሳቸው ሲመጣ መጀመሪያ ያስተማሩት መጥራት አልነበረም፤ ዝም ብሎ የሰው እርምጃ መስማት ነበር። "እግሩን ሳታውቅ ስሙን አትጥራ" ይሉት ነበር። ደግሞም "እኔንም ብታሻግር እትዬ ብለህ እንዳትጠራኝ፤ ጉም ማዕረግ አይሰማም" ይሉት ነበር። እሱ ግን አንድም ቀን ደፍሮ በባዶ ስማቸው አልጠራቸውም።

የላይኛው ድልድይ ጠዋት እንዴት ያምር ነበር! ነጋዴው፣ ደብተራው፣ ሙሽራው ሳይቀር ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ እየሳቀ ይወጣል። አንዳንዱ ስሙ እንዲረዝምለት ሆን ብሎ ቀስ ይላል። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ጉዳይ ሳይኖራት ትሻገርና ትመለስ ነበር። ማንደፍሮ ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም። ቤቷ ውስጥ ስሟን የሚጠራ ሰው አልነበረም።

ወፍጮው በፈረሰበት ክረምት ጎርፍ መጣና የላይኛውን ድልድይ ወሰደው። ጠሪዎቹ ተበተኑ፤ እትዬ አትጠገብም ዐይናቸው ደክሞ ስለነበር ማዶ ካለው ቤታቸው ገቡ። ከተማው በታችኛው በኩል አዲስ ድልድይ ሠራ፤ ያንኑ ጠባብ፣ ያንኑ ክርን ያለው። ለማንደፍሮ ግን ዝምድናው ታወቀና ተከለከለ። ሽማግሌ ልኮ ሌላ ሥራ ጠየቀ፤ ጥርስ ነቃይነት ወዲያው ተፈቀደለት። እጀ ጥሬ ነዋ። የመጀመሪያው ሕመምተኛ ጤነኛው ጥርሱ ቢነቀልም አመስግኖ ሄደ። ማንደፍሮ መንቀያውን አስቀምጦ ወጣ፣ አልተመለሰም።

ቤት ዋለ። ቤት የዋለ ሰው ምን እንደሚሆን የዋለ ያውቀዋል። ጎህ ሳይቀድ ይነሳና በር ላይ ቆሞ ጉሙን ያያል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ የሚጠራው ሰው እንደሌለ ትዝ ይለዋል። አንዳንዴ አያስችለውም፣ ለጎረቤት ፍየል ስም አውጥቶ ይጠራታል።

"አንተ ሰው፣ ፍየሏ እኛ ቤት ገብታ አልወጣም አለች እኮ" አለችው ሚስቱ የሺመቤት አንድ ቀን።

"ትውጣ ብዬ አልጠራኋትም" አለ።

"አየህ፣ አንተን ያለ ድልድይ ማኖር አይቻልም። ገበየሁ ዘንድ ሂድ። በቃ፣ ሂድ።"

ገበየሁ የሥራ ደላላ ነው፤ በተለይ ያረጁ አዋቂዎችን ሥራ በማስያዝ የተካነ። ራሱ ግን በድለላው በኩል ዘመድ እንደሌለው ምሏል። ማንደፍሮን አስቀምጦ ዙሪያውን እየዞረ፣ በገበያ እንደቀረበ በሬ አየው።

"ጋሽ ማንደፍሮ፣ እርስዎ ያለብዎት ችግር አንድ ብቻ ነው" አለው። "ያውቃሉ።"

"ምኑን?"

"ሥራውን። ያውም ያስታውቅብዎታል። አንገትዎን ዘርጋ አድርገው ጆሮዎን ዘንበል የሚያደርጉትን ነገር ይተዉት። እስቲ እንለማመድ። እኔ የድልድዩ አለቃ ነኝ። ጉም ምንድን ነው?"

"የጠዋቱ ነው ወይስ ከዝናብ በኋላ የሚወጣው?"

"ተበላሸ" አለ ገበየሁ። "የማያውቅ ሰው መልሶ አይጠይቅም። ሰምቼ አላውቅም ይበሉ።"

"ጉምን ሰምቼ አላውቅም?"

"እንደዚያ። ብቻ ሲሉት እንዳያዝኑ።"

ሲለማመዱ ሰነበቱ። ማንደፍሮ እንደ ሰነፍ ተማሪ እየቀለደ ጀምሮ እየቆየ ጎበዘ። መንተባተብ ቻለ። ግራና ቀኝ ማምታታት ቻለ። ገበየሁ ደስ አለው፤ ያልደፈረውን ጥያቄ መጨረሻ ላይ አመጣው።

"ማን አስተማረህ ቢሉዎትስ?"

ማንደፍሮ በመስኮቱ ማዶ ማዶውን አየ።

"ማንም ይበሉ፤ በቃ አንድ ቃል ናት። ጋሽ ማንደፍሮ፣ እኚያ ሴትዮ በሕይወት አሉ እንዴ?"

"አሉ። ማዶ ናቸው።"

"ታዲያ ማን ይነግራቸዋል? እኔ አልነግራቸው፣ እርስዎ አይነግሯቸው። ድልድዩን ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም?"

ይፈልጋል። ከምንም ነገር በላይ ይፈልጋል። እዚያ ጫፍ ላይ መቆም፣ "ማን አለ" ሲባል መስማት፣ ይኸው ነው የቀረው የሕይወቱ ፍላጎት። ማታ ለየሺመቤት ሲነግራት ራት እያቀረበች ነበር፤ እጇን ገታ አደረገች።

"ስም መጥራት እንጂ ስም መካድ የት ተምረህ?" አለችው።

"ገበየሁ አስተማረኝ።"

"እሱንማ ሰባት ቤት ትቆጥረዋለህ" አለችና ሳህኑን አስቀመጠችለት።

ሽማግሌዎቹ ሄዱ፤ በደንቡ መሠረት ቆሙ፤ በደንቡ መሠረት ቀጠሮ ተሰጣቸው። በቆጠራው ቀን የታችኛው ድልድይ አለቃ ድንበሩ ሰው ሰብስቦ ጠበቃቸው። ድንበሩ ቀድሞ ሻማ ሠሪ ነበር፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ እንዲያውም ሆደ ባሻ ነው። "የሰዋችሁን ዘር ቁጠሩልኝ" አለ። ሽማግሌዎቹ "የዚህ ሰው እጅ ዘር የለውም፤ ማንም አላስተማረውም" ብለው ማሉ። በላይኛው ድልድይ ያየው ሰው ሁሉ እዚያው ቆሞ ነበር፤ ማንም ትንፍሽ አላለም። ጎረቤት ሥራ ሲያገኝ ማን ምቀኛ ይሆናል? ድንበሩ ወደ ማንደፍሮ ዞሮ "እንዲያው አንድ ሰው እንኳ?" ሲለው፣ ማንደፍሮ "ማንም" አለ። ድንበሩ አቀፈው። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

ማንደፍሮ ድልድይ ላይ በመቆሙ የተደሰተው አንድ ጠዋት ብቻ ነው። አዲሱ ደንብ ስም መጥራትን ይከለክላል፤ ስም የሚጠራ ሰው የሚያውቀው ሰው ነው፣ ማወቅ ደግሞ የት እንዳደረሰን ታውቃላችሁ። "ማን አለ" ቢባልም መልስ አይሰጥም። ጠሪው "ወደፊት" ብቻ ይላል፣ ለሁሉም፣ በአንድ ድምፅ። ታዲያ ክርኑ ላይ ሲደርሱ ወደፊት ያለው ገደሉ ነው። ለዚህም መላ ተበጅቶለታል፤ ከድልድዩ ሥር ትልቅ መረብ ተዘርግቷል። የወደቀው ሰው መረቡ ውስጥ ሆኖ ይቅርታ ይጠይቅና በገመድ ይወጣል። የመረብ ጠጋኞች ቁጥር ከመብዛቱ የተነሳ ከተማው ውስጥ ሥራ በዛ እየተባለ ይወራል። እውነት ነው፣ በዝቷል።

ማንደፍሮ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነበት። የሚመጣውን ሰው ገና ከእግሩ ያውቀዋል፤ ይኸ ነጋዴው ነው፣ ግራ እግሩን ይጎትታል፤ ይቺ ባሏ የሞተባት ናት። "ወደፊት" ይላል። ሲወድቁ ይሰማል። የመረቡ ገመድ ሲጮኽ ዐይኑን ይጨፍናል። ድንበሩ ትከሻውን መታ እያደረገ "ጎሽ፣ ገና ብዙ ትሳሳታለህ" ይለዋል። ባሏ የሞተባት ሴት ለሁለተኛ ጊዜ ከወደቀች በኋላ መሻገር ተወች። እሱም ቤቱ ሲገባ የቀረበለትን ምግብ እያየ ይውላል። 

እንዲህ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ቀን ጉሙ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ከብዶ በመጣበት ጠዋት፣ ማዶ አካባቢ የዱላ ድምፅ ተሰማው። ኳ፣ ዕረፍት፣ ኳ። ማንደፍሮ ወዲያው አወቀው። እትዬ አትጠገብ ናቸው። ለካ ወዲህ በኩል ለቅሶ ነበረባቸው፤ ሰው ሳይጠብቁ ብቻቸውን ወጥተዋል።

"ማን አለ?" አሉ ከጉሙ ውስጥ። ድምፃቸው ቀጥኗል።

ማንደፍሮ ዞር ብሎ አየ። ከኋላው ጠጋኞቹ መረቡ ዘንድ ቁጭ ብለው ያወራሉ። ድንበሩም እዚያው ነው።

"ወደፊት" አለ።

ዱላው ትንሽ ቆመ። ከዚያ ወደ ድልድዩ ወጣ። ኳ፣ ዕረፍት፣ ኳ። እንደ እሳቸው ያለ ሰው መልስ ሳያገኝ ድልድይ አይወጣም ነበር፤ ዕድሜ ሰውን እንዲህ ያደርጋል።

"ማን አለ?" አሉ እንደገና።

"ወደፊት" አለ፣ እንባው እየመጣ።

ወደ ክርኑ እየደረሱ ነው። መረብ አለ፣ ግን እኚህ ሴትዮ እንዲያው አጥንት ናቸው፤ ከአልጋ ላይ ቢወድቁ የማይተርፉ። ዱላቸው የመጨረሻውን ቀጥ ያለ ሳንቃ ሲነካ ሰማ። ከዚህ በኋላ ማንደፍሮ ምን እንዳሰበ እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም።

"እኔ አለሁ" አለ። "አትጠገብ... ቁሚ፣ አትጠገብ... ወደ እኔ፣ በግራ... በግራ፣ አትጠገብ..."

የላይኛው ድልድይ ድምፅ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዘመው፤ ስማቸውን እንደ ገመድ እያቀበለ፣ እየሳበ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በባዶ ስማቸው ጠራቸው። ዱላው ዞረ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ዕረፍት እንኳ አልነበረውም። ጠጋኞቹ ወሬያቸውን አቆሙ። እትዬ አትጠገብ ከጉሙ ወጥተው በእጃቸው እያዳበሱ መጡና እጅጌውን ጨበጡ። ከማዶም እዚያ ተደርድሮ ወረፋ ሲጠብቅ የነበረው ሰው ሁሉ ሰምቶ ኖሯል። "ማን አለ?" አለ አንዱ። "ማን አለ?" አለች ሌላዋ። ይህን ጥያቄ ማንም ጮክ ብሎ ከጠየቀ ስንት ዘመኑ ነበር።

ድንበሩ እየሮጠ ደረሰ። ሽማግሌዎቹንም አስጠራቸው፤ ሩቅ አልነበሩም፣ እኛ አገር ሽማግሌ ሁልጊዜ አንድ ደጅ ላይ ቆሟል። ሰው ተሰበሰበ።

"ይህን አጠራር ከየት አመጣኸው?" አለ ድንበሩ። ፊቱ ገርጥቷል።

ማንደፍሮ እትዬ አትጠገብን ከጫፉ ሳብ አደረጋቸው።

"ስማኝ" አለ ድንበሩ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ቀንሶ። "እኔ አንተን ማጣት አልፈልግም። እንዲያው ደንግጬ ከአፌ ወጣ በለኝና እንለፈው። አንድ ቤት እንኳ ከቆጠርክ ግን ከዚህ ድልድይ ወርደህ አትመለስም። እነዚህም ሽማግሌዎች በሐሰት ምለዋል ይባላል።" ከዚያ ለሕዝቡ እንዲሰማ ወደ እትዬ አትጠገብ ዞረ። "እናቴ፣ ይህን ሰው ያውቁታል?"

እትዬ አትጠገብ ነገሩ ገባቸው። ማዶ ቢሆኑም የከተማውን ወሬ ይሰማሉ፤ ማን ምን ብሎ እንደማለም ሰምተው ኖሯል።

"አላውቀውም" አሉ።

"ድምፁንስ?"

"የት ሰምቼው። የማን ልጅ ነው?" አሉ፣ ዐይናቸውን ወደ ጉሙ አዙረው። እጅጌውን ግን አልለቀቁትም።

ድንበሩ በረጅሙ ተነፈሰ። "ይኸው፣ አያውቁትም" አለ ለሕዝቡ። "ዝምድና የለም። በሉ ወደ ሥራችን።"

ማንደፍሮ የሳቸውን እጅ ቁልቁል አየ። እሱ "ማንም" ባለ ጊዜ እንዲህ አልተሰማውም ነበር። እሱ ሲክዳቸው ለራሱ ነበር፤ እሳቸው የካዱት ግን ለእሱ ነው፤ ያውም እሳቸው ያስተማሩት ሰው ድልድዩ ላይ እንዲኖር፣ ተሻጋሪ እየጣለ እንዲኖር። ይህን መሸከም አቃተው። እንባው በአገጩ ወረደ።

"እኔን ያስተማረችኝ አትጠገብ ናት" አለ።

"ማንደፍሮ" አለ ድንበሩ።

"አትጠገብን ጓንጉል። ጓንጉልን ወሰኔ" አለ ማንደፍሮ፤ ድምፁ እየጠራ ሄደ፤ ማዶ ድረስ ይሰማ ነበር። "ወሰኔን ንጋቷ። ንጋቷን ቢሻው፤ ቢሻውን ይርዳው..."

"አይደለም" አሉ እትዬ አትጠገብ።

ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ።

"ንጋቷን ይርዳው፤ ይርዳውን ቢሻው" አሉ በቁጣ፣ እጅጌውን ነቅነቅ አድርገው። "አንተ ልጅ፣ ስንቴ ልንገርህ?"

ማንደፍሮ ይቅርታ ጠየቀና ከመጀመሪያው ጀመረ።